በቁሙ የተለቀሰለት

ማቴዎስ ፊልም ሲሠራ ካሜራ አልነበረውም። ስለ ወባ ሊያስተምሩ ሆሳዕና ከተማ መጥተው የነበሩ ሰዎች የጣሉትን ብጥስጣሽ ፊልም ሰብስቦ በበረኪና አጠበው። ሥዕሉ ለቅቆ እንደ መስተዋት ጠራ። ከዚያ ጥፍር በምታክለው በእያንዳንዷ የፊልም ክፍል ላይ በመርፌና በቀለም የእንሰት ቅጠል ሲዘረጋ፣ ሲወዛወዝና ሲወድቅ ሣለ። ዝናቡን ግን አልሣለውም። እርጥብ ፊልም ላይ ዘይትና ቀለም አንጠባጥቦ ዘንበል ያደርገዋል፤ ቀለሙ እየተበታተነ የራሱን መንገድ ይይዛል።

«እኔ መነሻውን ነው የምሰጠው፤ የቀረውን ራሱ ይሥላል» ይለኝ ነበር።

እኔ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ እሱ ሥዕል በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ፕሮጀክተሩና ቴፕ ሪከርደሩ በእኔ እጅ ስለነበሩ ከክፍል በኋላ አብረን እንሠራ ነበር። ወንፊት ላይ የሚንከባለል ገብስ የዝናብ ድምፅ ሆነልን። የቀረን መጨረሻው ነው፤ ቅጠሉ ሲወድቅ ለቅሶ ያስፈልጋል አለና ሚስቱን ጣቢታን ጠየቃት።

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም። ለቅጠሉ ነው።»

«ለቅጠል የምታለቅስ ፍየል ናት። ሂድና ፍየሏን ለምናት» አለችው።

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ፊልሙን የሚያይ ሰው ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው፤ ከወደደው ማቴዎስ ሥዕል ትምህርት ቤት ይገባል። ጣቢታም ሐሳቧ ሌላ ዘንድ ነበር። ማቴዎስ ሽማግሌ ሳይልክ ስላገባት አባቷ ባፈና ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ጃጁራ ካለው ቤቱ አግዷት ኖሯል። አሁን ታሞ አልጋ ይዟል፤ «ለትንሣኤ ትምጣና ልመርቃት» ብሎ ከላከባት ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም።

ማቴዎስ ሲለምናት ሰንብቶ እሺ አለች። የመጀመሪያውን ቀድተን ስንሰማው ዶሮ የምትጠራ ሴት ትመስላለች። በእነሱ አገር የሟች ስም ይጠራል፣ ከብቱ ይጠራል፤ ያለ ስም ለቅሶ አይወጣላትም። እንደገና ስንቀዳ ዓይኗን ጨፈነችና በሀዲይኛ ባፈናን ጠራች። በሬዎቹን በየስማቸው ጠራች፤ ያልገባችበትን ቤት ጠራች። ስትጨርስ ፊቷ ርሶ ነበር።

«አጥፉት» አለች።

«ስሙ ከዝናቡ በታች ይሆናል፤ ማንም አይሰማውም» አላት ማቴዎስ።

እንድናጠፋው ነገርኩት። ግን እንደዚያ ያለ ድምፅ ዳግመኛ አናገኝም ማለቱም ሐሰት አልነበረም።

ፊልሙ የሚታየው ሜዳ ላይ ስለሆነ ቅዳሜ ቀን ድምፅ ማጉያውን ጣሪያው ጠርዝ ላይ ሰቅለን ሞከርነው። ማቴዎስ ለቅሶውን ለይቶ ለመስማት ዝናቡን ዝቅ አደረገው። ከታች በመንገዱ የጃጁራ ነጋዴዎች ከገበያ ይመለሱ ነበር። የአባቷን ስም የምትጠራውን የጣቢታን ድምፅ ያውቁታል፤ ባፈና መታመሙንም ያውቃሉ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሴቶቹ ሸክማቸውን አውርደው አለቀሱ። ለቅሶ የሰማ ሰው ወደ ሟች ቤት ይሮጣል እንጂ እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። እኛ ከውስጥ ብቅ ስንል አቧራቸው ርቆ ነበር።

በማግስቱ ሦስታችንም ጃጁራ ሄድን። ባፈና ግቢ ውስጥ ለለቀስተኛ ሣር ተጎዝጉዟል። ለቀስተኞቹ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው፣ መሄዱንም መቀመጡንም አፍረው ተቀምጠዋል። ባፈና ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሰው ደግፎት ደጃፉ ላይ ወጥቷል።

«መጀመሪያ ያለቀሰው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ አባዬ። ለፊልም ነው፤ የውሸት ነው።»

«በሬዎቼን ጠርተሻል አሉ።»

«ጠርቻለሁ።»

«እንግዲያው ጨርሰሻል። የቀረሽ ለቅሶ የለም።»

ማቴዎስ ድንጋይ ተሸክሞ እግሩ ላይ ወደቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው አባቴ!»

«አንተን የት አውቅሃለሁ?» አለ ባፈና። «ሽማግሌ ልከህብኝ ታውቃለህ?»

የአዲስ አበባው ሰው መጥቶ ፊልሙን ሲያይ ማቴዎስ ለቅሶውን ቆርጦ ጥሎት ነበር። ቅጠሉ በዝምታ ወደቀ። ሰውየው «ድምፁ ተበላሸ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ማቴዎስ «የለውም» አለ። ሰውየው አመስግኖ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልላከም።

ባፈና ከትንሣኤ በፊት ሞተ። ተገኘ የሚባለው ወንድሟ ለዘመድ ሁሉ መርዶ ሲልክ ለጣቢታ አልላከም፤ መናኸሪያ አካባቢ ከሰው ሰምታ ሄደች። አብሬያት ነበርኩ። ግቢው በር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አፏን ስትከፍት ወንድሟ መጣና ክንዷን ያዛት። አልተቆጣትም።

«አንቺ አልቅሰሻል እኮ፤ የአባባ ቃል ነው። ምን ላድርግ፣ እህቴ?»

አፏን በነጠላዋ ይዛ፣ የቤቱ ሴቶች ደረታቸውን እየመቱ ከሚዞሩበት ርቃ፣ ከሩቅ አገር ለቀስተኞች መካከል ተቀመጠች። አጠገቧ ከሞርሲቶ የመጣች ሴት ነበረች።

«ለሟቹ ምኑ ነሽ፣ እህቴ?» አለቻት።

«ከሆሳዕና ነኝ» አለች ጣቢታ።