የግራ እግሩ ያጠረ ሱሪ

የጎንደርን አርባ አራቱን ታቦት ምስክር ጠርቼ እናገራለሁ፤ ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። መካከሉ ላይ ሱሪ የለበሰ ጭላዳ ዝንጀሮ ይመጣል። የሚስቅ ሰው ካለ በጭላዳው ይሳቅ እንጂ በእኔ አይሳቅ፤ ያለበሰው እኔ አይደለሁም።

ጣልያን ከጎንደር በወጣ በሰባተኛው ዓመት፣ በጽጌ ወራት፣ አራት ወዳጆች በየእሑዱ ከከተማ እየወጡ ገጠር ለገጠር በእግራቸው ይዞሩ ነበር። ክረምቱ አልፏል፣ ጭቃው ጠጥሯል፣ ገብሱ መንጣት ጀምሯል፤ በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ጎንደሬ የታመመ ብቻ ነው። ደንብም ነበራቸው። መድረሻውን በየሳምንቱ አንዱ በተራው ይመርጣል፤ መንገድ ላይ አስቀድሞ «ደከመኝ» ያለ ሰው ምሳ የተቋጠረበትን አገልግል ተሸክሞ ይመለሳል። ጽጌ ከገባ ጀምሮ ግን አገልግሉ ከአንድ ሰው ትከሻ ወርዶ አያውቅም። ከክንዱ።

ክንዱ አራዳ ላይ በረንዳ ይዞ በመኪና የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል ሰው እሑድ በመጣ ቁጥር እግሩ ይከዳዋል። ብስክሌት ጠጋኙ የሻው ታዲያ፣ «የክንዱ እግር የስፌት መኪናውን መርገጫ እንጂ መሬትን አያውቃትም» እያለ ይተርበዋል። ክንዱ በበኩሉ፣ «ይህ እግር በአርበኝነት ዘመን ስንት ገደል ወጥቷል መሰለህ!» ይላል።

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ያን ጊዜ ጎንደር ውስጥ አርበኛ ያልነበረ ወንድ ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነበር። ሁሉም «ተዋጋሁበት» የሚለው የየራሱ ዋሻ ነበረው። ክንዱም ሰው ሁሉ ዋሻ ሲኖረው ባዶ እጁን መቅረት አልሆነለትምና፣ ከወለቃ ወንዝ ማዶ ዳገቱ ላይ ያለውን ጭላዳ ዋሻን ለራሱ ወሰደ። «ሁለት ክረምት ከርሜበታለሁ» አለ። ዋሻውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

ለየሻው ብቻ ቢዋሽ ኖሮ ባልከፋ። የዋሸው ግን አያ ወልደኢየሱስ ባሉበት ነው። አያ ወልደኢየሱስ እህል ነጋዴ፣ ከአራቱ ተጓዦች በዕድሜ ታላቁ፣ ከሁሉም በላይ የእንኳየሁ አባት ናቸው። ክንዱ እንኳየሁን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ «ጽጌ ሲወጣ መልሱን እሰጣለሁ» ተብሏል። እንግዲህ ያቺን መልስ እየጠበቀ ነው በየእሑዱ አገልግል የሚሸከመው።

በአራተኛው እሑድ የመምረጡ ተራ የአያ ወልደኢየሱስ ሆነ።

«ዛሬ ወዴት ነን አያ?» አለ የሻው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እንደ ተገናኙ።

አያ ወልደኢየሱስ ከዘራቸውን ወደ ሰሜን ቀሰሩ። «ወደ ጭላዳ ዋሻ። የክንዱን ቤት ጎብኝተን እንምጣ።»

ክንዱ ማንም ሳያዘው አገልግሉን አነሣ።

«ምነው? ገና አልተነሣንም እኮ» አለ የሻው።

«ኋላ መጨቃጨቅ ይቀራል ብዬ ነው።»

አራተኛው ወዳጃቸው ሐብተ ማርያም ይባላል፤ ደብተራ ነው። ማሕሌተ ጽጌ ቆሞ ስለሚያድር እሑድ እሑድ እየሄደ ይተኛል። አታምኑኝ ይሆናል፣ የሻው ግን ምሎ ነግሮኛል፤ ያን ቀን ከወለቃ ወንዝ እስከ ዳገቱ ሥር ከዘራውን እየመታ፣ እያንኮራፋ ሄዶ አንዲት ድንጋይ አላደናቀፈችውም። ክንዱ በሁለት ዓይኑ እያየ ሦስት ጊዜ ወደቀ።

«ለመሆኑ» አለ የሻው፣ ዳገቱን ሲጀምሩ፣ «የዋሻው አፍ ወዴት ይዞራል?»

«እንደ ወቅቱ ነው» አለ ክንዱ።

«ዋሻው?»

«ነፋሱን ማለቴ ነው። ነፋሱ እንደ ወቅቱ ነው።»

«ውኃስ ከየት ትቀዱ ነበር?»

«የሻው፣ የአርበኛ ምስጢር እንዲህ በየመንገዱ አይዘራም።»

መንገዱ ሁለት ቦታ ሲከፈል ሁሉም ቆመው ክንዱን አዩት። ክንዱ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ሰማዩንም አየ። «ሁለቱም ያደርሳል፤ እናንተ የወደዳችሁትን» አለ። አያ ወልደኢየሱስ በቀኙ ቀደሙ። ክንዱ አገልግሉን አስተካክሎ ከኋላቸው ተከተለ። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ውሸቱ ቁጭ ብሎ እየጠበቀው ነው። እንኳየሁም ከውሸቱ ጋር አብራ ልትሄድበት ነው።

ከዋሻው በታች ባለው የገብስ ማሳ ዳር አንድ ሽማግሌ ወንጭፍ ይዘው ጭላዳ ይጠብቃሉ። አያ ሰጠኝ ይባላሉ። ሰላምታው ሳያልቅ የሻው ነገር ጀመረ።

«አያ፣ ይህ ወዳጃችን በአርበኝነቱ ዘመን እዚህ ዋሻ ሁለት ክረምት ከርሞ ነበር። አወቁት?»

አያ ሰጠኝ ክንዱን ከእግር እስከ ራሱ፣ መካከሉ ላይ ዘለግ አድርገው ተመለከቱት። «እኔም ከዚያው ነበርኩ። ይህን ሆድ ግን አላውቀውም።»

«ያን ጊዜ አልነበረም፤ ሆዱ» አለ ክንዱ።

«ሸጋ። እንግዲያው እዚያ የነበረ ሰው ብቻ የሚመልሰውን ልጠይቅህ። ምን ለብሰን ነበር?»

የሻው የድንጋይ መቀመጫ ፈልጎ ተመቻቸ። አያ ወልደኢየሱስ ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። ክንዱን ጨነቀው። የጨነቀው ግን መልሱ ስለጠፋው አልነበረም፤ መልሱን ከማንም በላይ ስለሚያውቀው ነው።

«ከጣልያን ድንኳን የተሰፋ ሱሪ» አለ።

«እሱንስ ማንም ይገምተዋል። እንዴት ያለ ሱሪ?»

«የግራ እግሩ… ከቀኙ በስንዝር ያጠረ።»

ወንጭፉ ከአያ ሰጠኝ እጅ ወደቀ። «ወንድሜ!» ብለው ተጠመጠሙበት። «ከሰው ሁሉ ደብቀነው የኖርነውን! እኔ ዘንግቼህ ነው እንጂ ነበርክ! አንዱን ሱሪ ከተሰጣበት ወስዶ የለበሰውን ጭላዳስ አስታወስከው? ለእሱም እኮ የግራው አጠረው!»

የሻው ከድንጋዩ ተነሣ። አያ ወልደኢየሱስ የክንዱን ትከሻ ነካ አድርገው «ልጄ» አሉት። እንዲህ ብለው ጠርተውት አያውቁም። ክንዱ እዚህ ላይ አፉን ዘግቶ ቢቀር ታሪኬ እዚሁ ያልቅ ነበር፤ እንኳየሁም የእርሱ ነበረች።

አያ ሰጠኝ ግን አልጨረሱም። «ያ ልብስ ሰፊ ብቻ! ሁለት ክረምት ሙሉ የግራ ቅልጥሜን ሳማ ለበለበኝ። ሆነ ብሎ ነው። ባንዳ ነበር፤ መሣቂያ ሊያደርገን።»

ክንዱ ባንዳ መባሉን ዋጠው። ጉሮሮው ላይ ትንሽ ቆመበት እንጂ ዋጠው።

«ወይም ደግሞ» አሉ አያ ሰጠኝ፣ «መቀስ ጨብጦ የማያውቅ እንጨት ፈላጭ ነው።»

ይህችኛዋ አልወርድ አለች።

«ድንኳኑ የሰባት ሰው ነበራ!» ብሎ ጮኸ ክንዱ፤ ቆሞ የተኛው ሐብተ ማርያም «እግዚኦ! ምን ፈነዳ?» ብሎ ባነነ። «ለሰባት ሱሪ ብቻ የሚበቃ ድንኳን ልካችሁ ‹ዘጠኝ ሱሪ› አላችሁ! እኔ ጎተራ ውስጥ ተወሽቄ፣ ደጅ የጣልያን ወታደር እያፏጨ፣ የቀኙን እግር ዘጠኙንም አስቀድሜ ቆረጥኩ። ወደ ግራው ስዞር ጨርቁ አነሰ። ታዲያ ለሰባቱ አሟልቼ ሁለቱን ራቁታቸውን ልስደዳቸው? አካፈልኩት! ለዘጠኙም እኩል! ስፌቱስ? ንገሩኝ እስቲ አያ፣ ስፌቱ ተተርትሮ ያውቃል?»

ጭላዶቹ ይህን ጊዜ ገብሱ ውስጥ ገብተው ይበላሉ፤ የሚያባርራቸው ሰው አልነበረም።

«ዋሻውስ?» አለ የሻው ቀስ ብሎ።

«ዋሻውን ዛሬ ነው የማየው» አለ ክንዱ። አገልግሉን መሬት አስቀመጠ፤ ወደ አያ ወልደኢየሱስ ፊት ማየት አልቻለም። «ሱሪዎቹን አክስቴ እናኑ ከኩበት ቅርጫት ሥር ደብቃ አወጣቻቸው። እኔ ከጎተራው ፈቀቅ አላልኩም። ፈሪ ነበርኩ።»

አያ ሰጠኝ ወደ ጎጇቸው ገቡ። የሻው «ጠመንጃ ሊያመጡ ነው» ብሎ አንሾካሾከ። ይዘውት የወጡት ግን አንድ አሮጌ ሱሪ ነበር። ክንዱ ፊት ዘረጉት።

«እንካ። ስፌቱስ አልተተረተረም። በል፣ የጀመርከውን ጨርስ።»

ከክንዱ ኮት ገበር መርፌ ተለይታ አታውቅም። ማሳው ዳር ተቀመጠና አገልግሉ ከተጠቀለለበት ጨርቅ ቀዶ፣ ክሩን በምራቁ አርሶ፣ የስንት ዘመን ጉድለቱን ይሞላ ገባ። ሌሎቹ ምሳውን ፈትተው በሉ፤ ሐብተ ማርያም ጽጌን ስለሚጾም ቆሎውን ብቻ ይቆረጥማል። የሻው ለክንዱ ድርሻውን በጉርሻ ሊያደርስለት ሄዶ፣ «የግራ ጉንጭህን ነው የቀኙን?» አለው። አያ ሰጠኝ ሱሪውን ለብሰው ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሱ። ሁለት ጊዜ አነከሱ። ልማድ ሆኖባቸው ነው።

ለመመለስ ሲነሡ ክንዱ እጁን ወደ አገልግሉ ሰደደ። አያ ወልደኢየሱስ በከዘራቸው እጁን መለስ አደረጉና፣ «ደከመኝ» አሉ።

ሁሉም ደንግጠው አዩዋቸው። በዕድሜያቸው ብለዋት የማያውቋት ቃል ናት። አገልግሉን አንሥተው ራሳቸው ተሸከሙት።

«የደከመኝ ዋሻ ነው» አሉ። «ጣልያን ከወጣ ወዲህ ልጄን ሊጠይቅ የመጣው ወንድ ሁሉ ዋሻ አለው። ጎተራ ያለው ሰው ገና ዛሬ አገኘሁ። ሽማግሌዎችህን ላካቸው፤ ጽጌ እስኪወጣ አትጠብቅ።»

ክንዱ ያን ዳገት እንዴት እንደ ወረደው ዛሬም አያውቀውም። ወሬው ማታውኑ እንኳየሁ ዘንድ ደረሰ። ሰምታ፣ እስኪበቃት ስቃ፣ አንዲት ቃል ብቻ ላከችበት፦ «የሠርጌን ቀሚስ ሲቆርጥ ግራውን ያስቀድም።»

እንግዲህ ታቦት ጠርቼ ጀምሬያለሁና ሳልናዘዝ ባልፍ ያስፈራኛል። አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ። አያ ሰጠኝ ያን ሱሪ ለብሰው ለጥምቀት ከተማ ሲወርዱ፣ ከግራው ላይ የተቀጠለችውን ጨርቅ በእጄ ለክቻታለሁ። አራት ጣት ናት፤ ስንዝር አትሞላም። ስንዝር ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ሁለት ክረምት ሳማ የለበለበው ሰው አጠገቤ ቆሞ ስንዝር ስል ራሱን ሲነቀንቅልኝ፣ ማን ደፍሮ ሜትር ያወጣል?

ጭላዳው ግን እውነት ነው።