ስትበላሽ ብቻ የሚያወራው ሰው

የእኛ የእንግሊዝ አገር ሰው ባቡር ውስጥ ጎረቤቱን አያናግርም። ባቡሩ ሲበላሽ ግን አፉ ይፈታል። ከሰሜኗ ከተማ ከስካርብራ ለንደን በሚመላለስ የአንድ ትንሽ የግል ኩባንያ ባቡር ላይ የሻይ ጋሪ እየገፋሁ ያረጀሁት ይህንኑ እያየሁ ነው።

አሮጌዋ የናፍጣ ባቡራችን ደግሞ መበላሸቱን ታውቅበት ነበር። ሞተሯ ጸጥ ካለ በቃ፣ መንገድ ላይ ቀረን ማለት ነው። ያኔ የዘወትር ተሳፋሪያችን ሚስተር አፕልያርድ በሊጥ ተጠቅልሎ የተጋገረ የሥጋ ፓዩን ለሁለት ይቆርጥና ሌላዋ ደንበኛችን ሚስስ ታክሬይ ፊት ሄዶ ይቆማል።

«ቆመች አይደል፣ ሚስስ ታክሬይ?»

«ቆመች፣ ሚስተር አፕልያርድ። ምን ይደረግ፣ ይቀመጡ» ትለዋለች፣ ቦርሳዋን ከጎኗ ወንበር እያነሳች።

እሱ ሚስቱ የሞተችበት፣ እሷ ባሏ የሞተባት ናቸው። ሲስቁ ጋሪዬ ድረስ ይሰማኛል። ሞተሩ ሲነሳ ግን አመስግኗት ወደ ቦታው ይመለሳል። የእኔን አንጀት የሚያሳርረው ይኼ ነበር።

አዲሶቹ ባቡሮች ሊመጡ ነው ሲባል ሁሉም ሲደሰት እሱ ብቻ ቅር አለው።

«አይበላሹም አሉ?»

«በባትሪና በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ናቸው። እንዲያው እንደ ድሮው አይሆኑም» አልኩት።

«እንግዲያ አለቀልኝ።»

«የኔ ጌታ፣ ዝም ብለው ሄደው ያናግሯት እንጂ።»

«ባቡሯ ሳትበላሽ? ምን ብዬ?»

አዲሷ ባቡር በወጣችበት የመጀመሪያ ቀን ከስካርብራ በባትሪ ተነሳን። ኮሽታ የለም፤ ሻይ እንኳን አልፈሰሰብኝም። ሚስተር አፕልያርድ ጋዜጣው ውስጥ ተቀብሮ ነበርና ቀና ሲል ጸጥታውን ሰማ። ፊቱ በራ። በመስኮቱ ወደ ውጭ ሳያይ ፓዩን ቆርጦ ብድግ አለ።

«ቆመች አይደል፣ ሚስስ ታክሬይ?»

ሚስስ ታክሬይ ወደ ውጭ አየች። መስኩ ላይ ያሉት በጎች ወደ ኋላ እየሸሹ ነበር። እሱም አየ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቁን አፍኖ ጫማ ጫማውን ያያል። እኔማ ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

«ይቅርታ፣ ድምፅ ስላልሰማሁ ነው» ብሎ ዞረ።

ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሳች። «ተበላሽታለች» አለችው።

«እየሄደች እኮ ነው።»

«ክሊፍ፣ ተበላሽታለች አልኩህ። ተቀመጥ።» በራሱ ስም ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ተቀመጠ። ሁለት ሻይ ቀዳሁላቸው። ለንደን እስክንደርስ አልተጠገነችም።