የሁለት ወንድማማቾች ሰባት ቁጥር

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ እግራችሁን ወደ ምድጃው ዘርጉና ስሙኝ። የማወጋችሁ እዚሁ በረዷማው የስንዴ አገራችን ሳስካችዋን፣ በእኛዋ ትንሽ ከተማ ስለሚኖረው ስለ ኦረስትና በበረዶ ላይ በሚጫወቱት ሆኪ ስሙ ስለገነነው ታናሽ ወንድሙ ስለ ታራስ ነው።

ታራስ በትልልቅ ከተሞች ክለቦች ሲጫወት ኖሮ ጡረታ ወጣ። ከተማችንም ላክብረው አለች። ወጉ የታወቀ ነው፤ የተጫዋቹ ማልያ የሆኪ አዳራሹ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል፣ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ማንም አይለብስም። የታራስ ቁጥር ሰባት ነው። ችግሩ፣ ስንዴውን አጭዶ በረዶው ሲጠና ለከተማው ቡድን የሚጫወተው ኦረስትም የሚለብሰው ሰባትን መሆኑ ነው። የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ አልጠየቀውም። ወንድሙ ነው፣ ደስ ይለዋል አሉ።

ደስ አላለውም። ቅናት አንጀቱን ያቃጥለው ጀመር። በልጅነታቸው ኩሬው ላይ ሲጫወቱ ፈጣኑ እሱ ነበር። የትልልቅ ክለቦች ተጫዋች መልማዮች ሲመጡ ግን አባታቸው ታመው ከብቶቹን የሚያይ ሰው ጠፋ፤ ኦረስት ቀረ፣ ታራስ ሄደ። የኦረስት ሚስት ዳርያ ጨርቅ እኮ ነው ብትለው አኮረፋት።

በበዓሉ ቀን፣ ማልያው ከመሰቀሉ በፊት፣ የአንጋፋዎች ግጥሚያ ነበር። ኦረስት ሰባቱን ለብሶ መጣ። ለታራስም ኮሚቴው አዲስ ሰባት አሰፍቶለት ኖሯል። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ሰባቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ። በረኛው ሌስተር አንድ ላይ አሥራ አራት ሆናችሁ ብሎ ቢቀልድ የሳቀለት አልነበረም።

«ይህቺን አላወልቃትም» አለ ኦረስት። «የምትሰቅላት ከሆነ እኔንም አብረህ ስቀለኝ።»

ታራስ ጎንበስ ብሎ የበረዶ መንሸራተቻ ባለስለት ጫማውን ማሰሪያ ሊስብ ሞከረ። ወገቡ አልታጠፍ፣ ጣቶቹ አልጨብጥ አሉት። እኛ ዘንድ ለልጅ አባቱ ያስርለታል፤ ካደጉ በኋላ እሰሩልኝ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ማሰሪያውን እንደገና ለመሳብ ታገለ።

ኦረስት አየው። መጀመሪያ ደስ አለው፣ አልዋሻችሁም። ቀጥሎ ግን ተነሥቶ ተንበረከከ፣ የወንድሙን እግር ጭኑ ላይ አሳርፎ ማሰሪያውን ጥብቅ አድርጎ ሳበው።

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ?»

«የማያመኝን ብትጠይቀኝ ይቀላል፣ ጋሼ። አንተ ነገም ትጫወታለህ፣ የእኔ የዛሬዋ ብቻ ናት። ስንቴ እንደቀናሁብህ ብታውቅ።»

«በእኔ? እበት ስዝቅ?»

«እበት ስትዝቅ።»

ኦረስት ሁለተኛውን እግር ወደ ጭኑ ሳበ።

ግጥሚያው ሲያልቅ ታራስ ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ ሰባት ገና ለባሽ አላት፣ ኦረስት በቃኝ ሲል ሁለታችንንም አንድ ላይ ስቀሉን አለ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ከንፈሯን ነክሳ ማልያውን አጣጠፈችው። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፣ አሁንም ለታራስ። ያቺ የቅናት ቃጠሎ ኦረስትን እንደገና ለበለበችው፤ እንዲህ በቀላሉ የምትለቅ አይደለችም። ቢሆንም ወደ ወንድሙ ሄዶ ክንዱን ሰጠው፣ ተደጋግፈውም ከበረዶው ሜዳ ወጡ።

እናንተም ልጆቼ፣ በሰው ስትቀኑ፣ ኦረስት እየቀናም ተንበርክኮ የወንድሙን ጫማ እንዳሰረ አደራ አስታውሱልኝ።