ባዝራዋና ዳማው በአንድ መስክ

ልብስ ሰፊዋ ዳማው ፈረስ ላይ ደም ስታይ ይህ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። የመጀመሪያው ጭረት ነበር። ሁለተኛው ትከሻው ላይ ያረፈ የጥርስ ምልክት። የዛሬው ግን የጭኑን ቆዳ እንደ ተቀደደ ኪስ ገልብጦታል። አጥሩን ይዛ ቆማ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልብስ ስትቀድና ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ እዚህ ላይ ግን እጇ ምን ሊሠራ እንደሚችል አላወቀችም።

«ምን አድርጎሽ ነው? ኧረ ምን በደለሽ?» አለቻት ባዝራዋን።

ባዝራዋ ከመስኩ ጥግ ላይ ድርቆሿን ታኝካለች፤ ነገሩ የማይመለከታት ይመስል።

ፈረሶቹ የባሏ ናቸው። ባሏ የፈረስ ግልቢያ አስተማሪ ነው፤ ከከተማው ጫፍ ላይ፣ ከቤታቸው ጀርባ፣ የሰዎችን ልጆች ኮርቻ ላይ እያወጣና እያወረደ ፀጉሩ ሸብቷል። እሷ ግን ፈረስ ትፈራለች። ሃያ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ከአጥሩ ወዲያ አልፋ አታውቅም፤ ምሳውን እንኳ በአጥሩ ላይ ነበር የምታቀብለው። አንድ ጊዜ ተናዳ «ከእኔና ከእነሱ ማንን ትወዳለህ?» ብትለው፣ «አንቺን ነዋ፤ አንቺ አትራገጪም» ብሎ አስቋት ነበር።

ከሁለት ወር በፊት፣ ያ ቀልደኛ ሰው የኮርቻ ጠፍር እያጠበቀ ሳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው አሏት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉት፤ አንደበቱም ተያዘ። የቀሩት ቃላት ሦስት ብቻ ናቸው፤ «እሺ»፣ «አይ» እና «ግራ»። «ግራ» ሲላት ደህናው እጁ ግራው ስለሆነ ነው ብላ፣ የውሃውን ኩባያ ወደ ግራው አዞረች፤ ጠረጴዛውን ወደ ግራ አመጣች፤ በመጨረሻ አልጋውን ራሱን ጎትታ ግራ እጁ ወደ መስኮቱ እንዲሆን አደረገችው። እሱ ግን «ግራ» ማለቱን አልተወም።

መስኩ ሁለት ነበር፤ ላይኛው ጠባቡና ታችኛው ሰፊው። ባሏ ባዝራዋን ሁልጊዜ ለብቻዋ ላይኛው ላይ ያውላት ነበር። ዳማውና ሽማግሌው፣ ሽማግሌው የሚሉት ጥርሱ ያለቀ ነጭ ፈረስ ነው፣ ታችኛው ላይ ይውላሉ። ለምን እንደሚለያት ጠይቃው አታውቅም። ባሏ በተኛ በሦስተኛው ሳምንት የላይኛው መስክ ባለቤት መጣና፣ እያፈረ እያዘነ፣ ቤት ሊሠራበት መሆኑን ነገራት። ምን ትበል? የሰው መሬት ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ሆኑ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ ሰላም ጠፋ። ዳማው የልጅ ነገር ያለው ፈረስ ነው፤ ፍጥረት ሁሉ ዘመዱ ይመስለዋል። ኮርቻ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ሲመጣ የሚሰጠው እሱ ነበር፤ ሕፃን ጋማውን ቢጎትተው እንኳ ቆሞ ይጠብቃል። ታዲያ ባዝራዋንም ሄዶ በአፍንጫው ነካ ሳያደርግ መዋል አልሆነለትም። እሷ ደግሞ ድንገት ጆሮዋን ወደ ኋላ ትለጥፍና ትነክሰዋለች፤ ወይ ኋላዋን አዙራ ትራገጣለች። ሽማግሌው ነገሩ ገብቶታል፤ ራቅ ብሎ ይግጣል።

የእንስሳት ሐኪሟ፣ ገና ወጣት ናት፣ የዳማውን ጭን ሰፍታ ስትጨርስ ምክር ሰጠቻት።

«ድርቆሹን አንድ ቦታ አይከምሩት እትዬ። ለሦስት ፈረስ አምስት ቦታ ይበትኑት። ውሃውንም ሁለት ጫፍ ላይ ያድርጉ። ጥግ የሚያስይዛት ነገር እንዳይኖር።»

አደረገች። ድርቆሹን በጀርባዋ እየተሸከመች አምስት ቦታ፣ ውሃውን በባልዲ እያመላለሰች ሁለት ቦታ። በአጥሩ ቀዳዳ እጇን ሰድዳ ነበር የምትወረውረው። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የባሏ ወንድም መሐሉን በገመድ ከፈለላት፤ ማዶ ለማዶ እየተያዩ ይላመዱ ተብሎ። ዳማው በገመዱ ላይ አንገቱን አሻግሮ ሰላም ሊላት ሲል ገመዱም ምሰሶውም ወደቁ። ከዚያ በእሱው እጅ በየተራ አስሞከረች፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ጋጣ ውስጥ ሊቆይ። ባዝራዋ ለብቻዋ ሲዘጋባት ላብ እስኪያጠምቃት ድረስ በሩን በእርግጫ ደበደበችው፤ ማጠፊያው ተነቅሎ ሄደ።

በዚህ መሐል ባሏን ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች፣ ታጥባለች። ለትምህርት ቤት የሚደርስ ሃያ ሰባት ዩኒፎርም የስፌት መኪናዋ አጠገብ እጅጌ ሳይገባለት ተከምሯል። አንዳንዴ መርፌ ላይ ክር ልታስገባ ስትሞክር አልገባ ይላትና ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች፤ ከዚያ ፊቷን ታብስና ባልዲዋን ታነሳለች።

ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ድምፁ ጎላ ያለ፣ ልቡ ደህና ሰው። ማክሰኞ ዕለት መጣና የባዝራዋን ነገር ቁርጥ አደረገው።

«እትዬ፣ እኔን ስሚኝ። ይህች ሰይጣን ነች። አንቺንም ሳትጨርስሽ ትሂድ። ሐሙስ የሚያያት ሰው አግኝቻለሁ።»

«ወንድምህስ?»

«ወንድሜ ጤና ቢኖረው እሱ ራሱ ነበር የሚሸጣት።»

ይህ እውነት እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ባሏ ያቺን ባዝራ በውርንጭላነቷ በገዛ እጁ በጡጦ ነው ያሳደጋት። ቢሆንም ሌላ መላ አልታያትም። ገባችና ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠች።

«ባዝራዋን ልንሸጣት ነው» አለችው። «አልቻልኩም። ዳማውን ልትገድልብኝ ነው።»

«አይ!» አለ። ግራ እጁን አነሳና ፍራሹን መታው። «ግራ! ግራ!»

ኩባያውን ወደ ግራው አስጠጋችለት። በእጁ ጀርባ ገፋው፤ ውሃው አንሶላው ላይ ፈሰሰ።

«ግራ!»

«ምን ላድርግልህ? ሁሉንም ወደ ግራህ አመጣሁልህ እኮ! ግራ ግራ ትለኛለህ፤ ግራ የገባኝስ እኔ ነኝ!»

በታመመ ሰው ላይ ስትጮህ የመጀመሪያዋ ነበር። እንባው በጉንጩ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ሲገባ አየችና ከራሷ ጋር ተጣላች፤ አንሶላውን ቀይራለት አንድም ቃል ሳትናገር ወጣች።

ረቡዕ ሲያካፋ አደረ፤ ሲያካፋም ረፈደ። ዋርሳዋ ሊያግዛት በጠዋት መጥቷል። ዳማው መስኩ ላይ ነው፤ ባዝራዋ ጋጣ ውስጥ ትወራጫለች፤ ማጠፊያው ተነቅሎ በገመድ የታሰረው በር ሊበጠስ ደርሷል።

«ነገ ለምትሄድ ፈረስ ምን ያደክመናል?» አለ ዋርሳዋ። «አንድ ቀን ናት፤ አብረው ይዋሉ። ልክፈትላት?»

ልብስ ሰፊዋ ባልዲ ይዛ ቆማለች፤ ትከሻዋ ዝሏል፤ የበሩ መደብደብ አናቷ ውስጥ ነው የሚሰማት።

«ክፈትላት» አለች። እሷ ናት ያለችው። በኋላ ዋርሳዋ ጥፋቱን ወደ ራሱ ሊወስድ ሲሞክር እንኳ ይህን አልካደችም።

ባዝራዋ ወጥታ በዝናቡ ውስጥ ጥቂት ሮጠች፤ ከዚያ ረጋ ብላ መጋጥ ጀመረች። ዳማው ቀና ብሎ አያት። የተሰፋውን ጭኑን እየጎተተ፣ ቂም የሚባል ነገር ሳያውቅ፣ በግራ ጎኗ በኩል ወደ እሷ ሄደ። አፍንጫው ሆዷን ሲነካው እሳት እንደነካት በረገገችና ዞራ በሁለቱም የኋላ እግሮቿ መታችው። ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር።

ልብስ ሰፊዋ አጥሩን እንዴት እንዳለፈችው አታውቅም። ራሷን ጭቃው ውስጥ ስትሮጥ አገኘችው፤ ዳማው በሦስት እግሩ ቆሟል፤ አራተኛው ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ልትደርስለት ስትል የባዝራዋ ትከሻ ገጫትና በጀርባዋ ወደቀች። ከወዲያ ዋርሳዋ «እትዬ! እትዬ!» እያለ ይጮሃል። አለቀልኝ ብላ ክንዷን ፊቷ ላይ አደረገች።

እርግጫው አልመጣም። ክንዷን ስታነሳ ባዝራዋ ከላይዋ ቆማ ከእግር እስከ ራሷ ትንቀጠቀጣለች። አንገቷን ጠምዛ ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ አዙራ፣ በቀኝ ዓይኗ ነበር የምታያት። ልብስ ሰፊዋ የወደቀችው በባዝራዋ ግራ በኩል ስለነበር የግራውን ዓይን በቅርብ አየችው። ውሃ ውስጥ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል። ቀስ ብላ እጇን ወደ ዓይኑ አስጠጋች። አልተርገበገበም። ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች ሁለት ወር ሙሉ የሰማችው ቃል ትርጉሙ ገባት።

ሐኪሟ ስትመጣ ዳማውን ብዙ ማየት አላስፈለጋትም።

«አጥንቱ ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። አይድንም እትዬ። ማቆየቱ ማሠቃየት ነው።»

ጭንቅላቱን የያዘችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ዳማው መዳፏን አሸተተ፤ ምንም ስላልያዘችለት ቅር ያለው አልመሰለም። መርፌው ገብቶ ጉልበቱ ሲታጠፍ አብራው ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ዋርሳዋ ከመኪናው ጀርባ ሄዶ ትከሻው እየተርገፈገፈ አለቀሰ።

ጭቃውንም ደሙንም ሳትታጠብ ባሏ ክፍል ገባች።

«ግራ ዓይኗ ነው?»

ፊቱ በአንዴ በራ። «እሺ! እሺ፣ እሺ፣ እሺ!» እያለ እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ሰጠችው፤ ግን እጇ አልጨበጠም።

«ታውቅ ነበር ማለት ነው። ላይኛው መስክ ላይ ለብቻዋ የምታውላት፣ በግራዋ ማንም እንዳይመጣባት ነው። ከመቼ ጀምሮ? ዓመት ሆነው?»

አንድ ጣቱን አነሳ፤ ቆየና ሁለተኛውን ጨመረ።

«ሁለት ዓመት! የማትረባ ናት፣ ሽጣት እንዳትባል ደበቅህ። ልጆች እያስቀመጥህባት! ለሰው ይሁን፤ ለእኔ እንኳ?» ድምፏ ተሰነጠቀ። «ዳማው ሞተ። ገባህ? አሁን ነው የሞተው።»

ከአፉ የወጣው ቃል አልነበረም። እጇን አስለቅቃ ወደ ውጭ ወጣች፤ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ዝናቡን ስታይ ቆየች። ልታጽናናው ብትገባ ደግ ነበር። አልሆነላትም።

ሐሙስ ገዢው መጣ። ባዝራዋን ዞራት፣ ጥርሷን አየ፣ ወገቧን ዳበሰ፤ ወደዳት። ዋርሳዋ በዓይኑ «ዝም በይ» አላት።

«አንድ ዓይኗ አያይም» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ግራው። በዚያ በኩል ሰው ሲመጣባት ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ ትራገጣለች። ፈረሳችንን የገደለችው በዚህ ነው።»

ሰውዬው እጁን ከባዝራዋ ላይ አነሳ፤ አመስግኗት ሄደ።

«እትዬ፣ በገዛ አፍሽ አበላሸሽው እኮ!» አለ ዋርሳዋ።

«ሌላ ሰው ልጁን ያስቀምጥባት?»

ዋርሳዋ ኮፍያውን አውልቆ እንደገና አደረገው።

ሐኪሟ እንዳለቻት የሽማግሌው አንገት ላይ ቃጭል አሰሩለት፤ ሲንቀሳቀስ ባዝራዋ ከየት እንደሚመጣ እንድትሰማ። ድርቆሿን ግራ ጎኗ ወደ ግድግዳው እንዲሆን አድርገው አስቀመጡላት። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሁለቱ ፈረሶች ጎን ለጎን ሆነው ዝንብ ሲከላከሉ ታዩ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ልብስ ሰፊዋን የሚያንገበግባትም ቀላልነቱ ነው። መኪናዋ ላይ ሆና ቃጭሉ ሲንቃጨል በሰማች ቁጥር፣ ይህ ከወር በፊት ቢሆን ኖሮ ትላለች፤ እግሯ ፔዳሉ ላይ ይቆማል።

የግልቢያ ትምህርቱ ጭራሽ ቀረ። አስተማሪው አልጋ ላይ ነው፣ ለጀማሪ የሚሆን ፈረስም የለም፤ ወላጆቹም አንድ በአንድ ልጆቻቸውን ሌላ ቦታ ወሰዱ። ዩኒፎርሙን ዘግይታም ቢሆን አደረሰች። የባዝራዋን ሰኮና ማጽዳት ተማረች፤ እየፈራች ነው፣ ታደርገዋለች ግን።

የባሏም አንደበት ጥቂት ጥቂት ይፈታ ጀመር። ፀሐይ በወጣ አንድ ከሰዓት ዋርሳዋ በወንበር አድርጎ መስኩ ዳር አወጣው። ባዝራዋ ድምፁን ስትሰማ መጋጧን ትታ መጣች፤ ጭንቅላቷን አዙራ ጭኑ ላይ አሳረፈችው። በግራ እጁ ግንባሯን እያሻሸ ቆየ። ቀጥሎ ዓይኑ፣ ከወዲያ፣ አፈሩ ገና ሳር ያላበቀለበት የዳማው መቃብር ላይ ወደቀ። አተኩሮ ካየው በኋላ ወደ ሚስቱ ዞረ። ከንፈሩ ታገለ።

«ይቅር... ይቅር በ...»

ልብስ ሰፊዋ ቃሉን እስኪጨርሰው ጠበቀች። ሲያቅተው አየችው።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ይቅር ለማለት ግን ገና ነኝ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ገና ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ደመናም ከወዲያ እየመጣ ነው። እግሩ ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ሳበችለትና፣ ዝናቡ ሳይደርስባቸው ሊያስገቡት ወንበሩን ባንድ በኩል እሷ፣ በሌላው በኩል ዋርሳዋ ያዙ።