የአባዬ ቀኝ ጆሮ

አባዬ የሠራሁትን በገና ሲሰማ «ይሄ በገና አይደለም፣ ፍሪጅ ነው» አለኝ።

ተናደድኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ላፕቶፕ ላይ ተጎልቼ የሠራሁት ነው። እንጨት የለው፣ አውታር የለው፤ ቁጥር ብቻ። አሠራሩን ያሳየኝ እዚሁ ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ፣ ስለ ድምፅ የሚማረው የአክስቴ ልጅ ጆሲ ነው። መጀመሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ፣ ጆሮ የሚቧጥጥ ድምፅ ትፈጥሪያለሽ። ወፍራሙም ቀጭኑም ሁሉ እሱ ውስጥ አለ። ከዚያ ማጣሪያ ታስገቢበታለሽ። ማጣሪያው እንደ ዘበኛ ነው፤ ወፍራሙን ድምፅ «እለፍ» ይላል፣ ቀጭኑን «አንተ ደግሞ ወዴት?» ይላል። ድንበሩን የምትወስኚው አንቺ ነሽ። በጣም ዝቅ ካደረግሽው ድምፁ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው ይታፈናል። ፍሪጅ የሆነብኝ ለዚህ ነበር።

የአባዬ በገና ደግሞ ይነዝራል። እያንዳንዱ አውታር ሥር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች፤ የምታስነዝረው እሷ ናት። ያ ንዝረት ቀጫጭን ድምፅ ነው። የኔ ዘበኛ ከበር የሚመልሰው እሱን ነው።

አባዬ፣ ስሙ ይበልጣል ነው፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቢሮ ያጸዳል። እሁድ ሮተርዳም ቤተክርስቲያን በገናውን አቅፎ ሲቀመጥ ግን ሌላ ሰው ነው። አስሩንም አውታር የሚቃኘው በጆሮው ብቻ ነው። አንዴ የመቃኛ አፕ ባሳየው «እሱ ይጸልያል?» አለኝ።

ስለዚህ የማጣሪያውን ድንበር ከፍ አደረግኩት። አልበቃኝም። ማጣሪያው ሌላም ጉልበት አለው፤ ከራሱ የወጣውን ድምፅ መልሰሽ ታጎርሺዋለሽ። ትንሽ ስታጎርሺው ድንበሩ አጠገብ ያለው ድምፅ ይጎላል፣ ነፍስ ይዘራል። ብዙ ካጎረስሽው ምንም ሳትሰጪው ብቻውን መጮህ ይጀምራል። ኮምፒዩተር ውስጥ ደግሞ የሚያደክመው ነገር የለም፤ ቁጥሩ በራሱ ላይ እየተደራረበ ያድጋል፣ ያድጋል። ጆሲ ለዚህ ብሎ አንድ መስመር ኮድ አስገብቶልኝ ነበር፤ ድምፁ ከልኩ እንዳያልፍ የሚይዝ ልጓም። አጠገቡ «ዕፀገነት፣ ይህችን እንዳትነኪ» ብሎ ጽፏል።

ልጓሙ ንዝረቱን አደበዘዘብኝ። አጠፋሁት።

«አባዬ ና! አሁን ስማና ፍሪጅ በል።»

እማዬ ከኩሽና እያወራችው ስለነበር እንደ ዲጄ የሄድፎኑን አንድ ጎን ብቻ ቀኝ ጆሮው ላይ ያዘ። የላፕቶፑን ቁልፍ ነካሁ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ኧረ! ይሄስ ይነዝራል!»

ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ መቼ አርፌ አውቃለሁ? ማጉረሱን ትንሽ ጨመርኩ።

ጩኸቱ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። አባዬ ሄድፎኑን ወርውሮ ጆሮውን ያዘ።

«ምንድን ነው እሱ?» እማዬ እየሮጠች መጣች።

«ኮምፒዩተሩ ነው» አልኩ።

በማግስቱም ጆሮው ውስጥ ያለው ፉጨት አልቆመም። ሁይስአርትሱ ጋ፣ የቤተሰባችን ሐኪም ጋ፣ ሄድን። ከአስራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ የቤታችን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እኔ ነኝ፤ የሐኪሙም፣ የኪራይ ቤቱም፣ የታክሱም ደብዳቤ በኔ አፍ ነው የሚያልፈው።

ሐኪሙ «ኃይለኛ ድምፅ አጋጥሞት ነበር?» ብሎ ጠየቀ። በትክክል ተረጎምኩ።

«እንዴታ! የልጄ ማሽን ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ በይው። ከዚያ ወዲህ ነው በይው።»

ሐኪሙ እኔን እያየ ጠበቀ። እጁ ኪቦርዱ ላይ ነው። ያቺን ልጅ፣ የማሽኑን ባለቤት፣ እኔው በራሴ አፍ ላስተዋውቀው ነው።

«አይ» አልኩ በደች። «ምንም ድምፅ አልነበረም። ቀስ በቀስ ነው የመጣበት።»

አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን ነቀነቀ። ሁሉን የነገርኩለት መስሎት።

ሐኪሙ በዕድሜ የሚመጣ ነው፣ ካልተሻለው በወሩ ተመለሱ አለን። ስንወጣ አባዬ ትከሻዬን አቀፈኝ። «ጎበዝ። ደቹን እኮ እንደ ውሃ ነው የምታወርጂው።»

አልተሻለውም። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል፣ የጆሮ ስፔሻሊስት ጋ ተላክን። መጀመሪያ የመስማት አቅሙን መረመሩት። ወረቀቱ ላይ የወጣውን መስመር አየሁት። ወፍራሙ ድምፅ ጋ ደህና ይሄድና ቀጭኑ ጋ ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። ይህን ቅርጽ አውቀዋለሁ፤ የማጣሪያዬ ነው። ላፕቶፔ ላይ ስንት ቀን ስስለው ከርሜያለሁ።

ስፔሻሊስቷ እኔን እንድተረጉም አልፈቀደችም። በስልክ አስተርጓሚ ጠራች።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ይበልጣል። የሚሉትን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርስልዎታለሁ» አለች አስተርጓሚዋ።

ያው ጥያቄ መጣ፤ ኃይለኛ ድምፅ ነበር ወይ?

«ለመጀመሪያው ሐኪም ነግሬው የለ እንዴ? የልጄ ማሽን እኮ ነው። እሷው ናት የተረጎመችልኝ።»

ስፔሻሊስቷ ስክሪኗን አነበበች። አስተርጓሚዋ ተከተለቻት፤ «እዚህ የተጻፈው፣ ድምፅ አልነበረም፣ ቀስ በቀስ ነው የመጣው የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢታወቅ ኖሮ መድኃኒት እንሞክር ነበር። ይድኑ ነበር ለማለት አልችልም። አሁን ግን ጊዜው አልፏል፤ ይቅርታ።»

አባዬ ወደኔ አልዞረም። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ እህቴ። ሁሉን ስለነገርሽኝ።»

ወደ ሰፈራችን ኒው ዌስት በሚመልሰን ትራም ላይ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ያጠፋሁትን ልጓምም፣ ለሐኪሙ ያልኩትንም። በደህናው ጆሮው በኩል ተቀምጬ ነበር፤ ሰምቶኛል።

«ፈርተሽ ነው?»

«አዎ።»

ፌርማታችን ሲደርስ ቀድሞኝ ወረደ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ለእሁዱ ቅኝት፣ በገናውን አወጣ። ፉጨቱ ንዝረቱን ይሸፍንበታል። አራተኛውን አውታር መታ፣ ግራ ጆሮውን አስጠጋ፣ ደግሞ መታ።

«ዕፀገነት። ነይ እስቲ። ይነዝራል?»

«አይ አባዬ። ሞቷል። እንዝራውን ትንሽ ሳበው።»

ሳበ። መታ። ያ የማውቀው ንዝረት ክፍሉን ሞላው።

«አሁንስ?»

«አሁን ነዘረ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

ከዚህ በፊት ሁለቴ ጠይቆኝ አያውቅም።

«እርግጠኛ ነኝ።»

አፌን አየው። ጆሮውን ደግሞ አስጠጋ። ከዚያ እማዬን በስሟ ከኩሽና ጠራት።

«የትነበርሽ! እስቲ መጥተሽ ይሄን ስሚልኝ!»

እማዬ ስለ በገና የምታውቀው አቧራውን መጥረግ ብቻ ነው። እጇን በፎጣ እያደረቀች መጥታ ጎንበስ አለች።

«የሚነዝር ይመስለኛል» አለች፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን እያየች።

«እዚሁ ቁጭ በይልኝ» አላትና ወደ አምስተኛው አውታር አለፈ።