ከሙሽራው ልጆች አራቱ

የፈተና ጣቢያው ሕግ አጭር ነው፦ አርቢ የላካቸውን ግልገሎች እስኪታረዱ ድረስ አያይም። ከአንድ አውራ አሳማ ልጆች አራቱ ይወሰዳሉ፤ እኩል ይመገባሉ፤ ክብደታቸው ሲሞላ ታርደው ሥጋቸው ይመረመራል። አባትየው የሚመዘነው በልጆቹ ሥጋ ነው። ካለፉ ዘሩ ይቀጥላል፤ ከወደቁ እሱም ወደ ቄራ ይነዳል።

በእርዱ ቀን ማለዳ ሽማግሌው አርቢ በጓሮ በር መጣ። የከፈተችለት የጣቢያው አሳማ መጋቢ ነበረች፤ የገዛ ልጁ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልያቸው» አላት።

«አባዬ፣ ከሥራ ልታስባርረኝ ነው?»

«ዓይኔን ጥዬባቸው እወጣለሁ። ከሙሽራው ልጆች ጋር ምን እመካከራለሁ ብለሽ ነው?»

ሙሽራው የአውራው ቅጽል ነው። ስሙን ያወጡለት ሟች እናቷ ናቸው፤ ወደ እንስቶቹ ሲገባ ደረቱን ነፍቶ ስለሚራመድ። ልጅቷ ሳቅ አመለጣትና አሳለፈችው።

ግልገሎቹ ለእርድ ሆዳቸው ባዶ እንዲሆን ከትናንት ጀምሮ አልበሉም። አርቢው አጥሩን ተደግፎ አያቸው። ከዚያ አፉን መያዝ አልቻለም፤ ቤት ሳሉ ለመኖ ይጠራቸው በነበረው ድምፅ ጠራቸው። አራቱም ብድግ ብለው ወደ አጥሩ ተወረወሩ፤ አንዱ በአንዱ ላይ ወጣ፤ ተናከሱ።

«ኧረ ዝም በል!» ጮኸች።

«አልረሱኝም!» አለ፤ ፊቱ በርቶ ነበር።

እያለከለኩ ወደ ቢላው ሄዱ።

በማግስቱ በማቀዝቀዣው ክፍል፣ አርቢውና ልጁ ባሉበት፣ የጣቢያው ሥጋ መርማሪ የአራቱን ሥጋ በጣቱ ተጫነው። ገርጥቷል፤ ልል ነው፤ ሳህኑ ላይ ውሃ አቁሯል።

«ወድቀዋል» አለ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ልጅቷ። «ትናንት አባቴን አስገባሁት። ሲጠራቸው ተሸበሩ፤ ሊታረድ ሲል የተሸበረ አሳማ ሥጋው ይገረጣል።»

«ዝም በይ አንቺ! ማን ጠየቀሽ?» አለ አባቷ።

መርማሪው የሚቀጥለውን ሳህን ሳበ። ሥጋው ቀይ፣ ጠጣርና ደረቅ ነበር። «እነዚህ የሌላ አውራ ልጆች ናቸው፤ አጠገባቸው ነበሩ። ሰምተው እነሱም ተንጫጭተዋል። ሽብር ደካማውን ዘር ያጋልጣል እንጂ አይፈጥረውም።»

«ባልጠራቸው ያልፉ ነበር?» አለ አርቢው።

«ምናልባት። ያኔ ደግሞ ድክመታቸው በየአርቢው በረት ይራባ ነበር።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «ቁልፉን አስረክቢ። ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

አርቢው ወደ መርማሪው ቀረበ። «ቤት ከሙሽራው ያረገዙ አሉኝ።»

«ይውለዱ። ልጆቻቸው ግን ለዘር አይቀሩም።»

«አንዷም?»

«አንዷም፣ አባት።»

ሽማግሌው ወደ በሩ አመራ። ዞር ሲል ልጁ ሽርጧን እየፈታች ነበር።

«ነይ» አላት፤ «ሙሽራውን ብቻዬን የቄራው መኪና ላይ አላወጣውም።»