የምሥራቁ በር

ይገባ ነበር ብርሃኑ… በምሥራቁ በር፣ በተጠረበው ቅስት ሥር፣ በወንበሮቹ መካከል፣ እስከ መሠዊያው ደረጃ ድረስ።

ከድሬዳዋ በላይ፣ ኮረብታ ላይ ናት የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን። የሠሯት ፈረንጅ ካህን በምዕራብ በኩል ዓለት አገኙ፤ መሠዊያውን ዓለቱ ላይ አቆሙ፤ በሩን ወደ ምሥራቅ ከፈቱ። በላቲን ነበር የሚቀድሱት። ኋላ ቅዳሴው በግዕዝ ሆነ፤ ዲያቆኑም «ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ» ማለት ጀመረ። ሕዝቡ ለመሠዊያው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ በሩ ዞረ።

እንግዳ ይስቃል። እነርሱ ግን እንዲህ ነው የጸለዩት… አባቶቻቸውም፣ እናቶቻቸውም፣ ፀሐይ ፊታቸው ላይ እያረፈች።

ዲያቆኑ አሁን ጁስቲኖስ ነው። ዓይን አፋር ነው፤ ከቅዳሴ ውጭ ድምፁ አይሰማም። በሩ ተደፍኖ በሰሜን ሌላ ሊከፈት ነው ሲባል ግን ወደ ቄሱ ወደ አባ እንድርያስ ሄደ።

«ቆይ» አሉት አባ።

ሄደ ወደ ሕንፃ ኮሚቴው። ሰብሳቢው አቶ ፊሊጶስ ሳቁበት።

«አስፋልቱ እኮ በሰሜን ነው ያለፈው፣ ጁስቲ! ሰው በጓሮ ይግባ? ደግሞ ቅስቱ ተሰንጥቋል።»

«ቅስቱ ይጠገን፣ ጋሼ። ፀሐይዋስ?»

«አምፖል እንጨምርልሃለን!»

ተመለሰ ወደ አባ።

«ቆይ» አሉት።

ቆየ። ግድግዳው ግን አልቆየም። ጠበበ ብርሃኑ፣ ከፍ አለ ድንጋዩ… እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ፣ እስከ ደረት። «ቆይ» አሉት፤ የመጨረሻውም ድንጋይ ገባ።

እሑድ ሆነ። ቆመ ጁስቲኖስ ደረጃው ላይ። ቃሉ የእርሱ አይደለም፣ አይዘለልም…

«ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ!»

ዞሩ ሁሉም።

ግድግዳ። ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ።

«አንተ ልጅ፣» አሉ እትዬ ብሪጅታ ጮክ ብለው፣ «ምኑን ነው የምንመለከተው?»

የሳቀ የለም። አባ በእጃቸው «ቀጥል» አሉት። አልቀጠለም። ወረደ ከደረጃው፣ ወጣ በአዲሱ በር፣ ቤተ ክርስቲያኗን ዞረ። ተከተሉት እትዬ ብሪጅታ፣ ተከተሉት ሴቶቹ፣ ወንዶቹም እርስ በርስ እየተያዩ።

ቆሙ፣ ለተደፈነው በር ጀርባቸውን ሰጥተው። አረፈች ፀሐይ… በግንባሮች ላይ፣ በነጠላዎች ላይ፣ በተዘረጉ እጆች ላይ።

ውስጥ፣ አባ ብቻቸውን ቀጠሉ።

ውጭ፣ ሕዝቡ ጆሮውን ወደ ግድግዳው አዘነበለ። ወፍራም ነው ድንጋዩ፣ የአባን ድምፅ አያሳልፍም… «አሜን» የሚሉት መቼ እንደሆነ አላወቁም።